ውዳሴ ለ«ይሰራል»

ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ዉድብሪጅ ድረስ ነድቼ፣ ዲሲን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ የቤልትዌይን፣ መጨናነቅ ችዬ፣ 80 ዶላር ከፍዬ «ይሰራል» የምትባል ቃል ገዛሁ። አንድ ያገለገለ ግሪል ደግሞ በምርቃት ተጨመረልኝ።

በጋ መጥቷል። በዲሲና በዙሪያዋ የምንኖር ሰዎች ግማሻችን ግሪል እንሸጣለን፣ ግማሻችን እንገዛለን። ማስታወቂያውን ታውቁታላችሁ። አንድ ፎቶ ብቻ አለው፣ እሱም ማታ የተነሳ ነው። ግሪሉ ግማሽ ጎኑ በልጅ ብስክሌት ተከልሏል። ከሥሩ አምስት ቃል፦ «የጋዝ ግሪል። አሪፍ ነው። ይሰራል።»

እኔ በአምስት ቃል 80 ዶላር ያገኘሁበት ቀን የለም። ስለዚህ ዛሬ ለዚህ ጽሑፍ ደራሲዎች ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ።

በተለይ «ጋዝ» የምትለዋ ቃል አጠቃቀማቸው ያስቀናል። አገር ቤት ጋዝ ስንል ላምባ ነው። ትንሽ ሲያልፍልን ቡታ ጋዝ ሆነ። እዚህ መጥተን ደግሞ «ጋዝ ልሞላ ቆሜ ነው የዘገየሁት» ስንል ቤንዚን ነው። ሆዴን ጋዝ ነፋኝ ስንል ጉዳዩ የሽሮ ነው። ግሪል ላይ ግን ጥያቄዋ አንዲት ናት። ከቤቱ ቧንቧ የሚመጣው ናቹራል ጋዝ ነው ወይስ ከታንክ የሚመጣው ፕሮፔን? ሻጩን በስልክ ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ግሪሉ ፕሮፔን ነው ናቹራል?»

«ጋዝ ነው ወንድሜ።»

«እሱማ ገባኝ። የትኛው ጋዝ?»

«የግሪል ጋዝ ነዋ።»

«ታንክ ነበረው?»

«ሁሉም ነገር ነበረው።»

«ሆዙስ?»

«ሆዙን ሰው ወሰደው። ግን ይሰራል።»

ሆዙን፣ ጋዙን የሚያስተላልፈውን ጎማ፣ ሰው መውሰዱ የዋዛ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። ሆዙ ቢኖር ጨዋታው በአሥር ሰከንድ ያልቅ ነበር። የፕሮፔን ሆዝ አጭር ነው። ጫፉ ላይ ታንኩ ላይ በእጅ የሚጠመዘዝ ትልቅ የፕላስቲክ ማሰሪያ አለው፣ እዚያው አጠገቡ ደግሞ የጋዙን ግፊት የሚቀንስ ክብ ሬጉሌተር። የናቹራል ጋዙ ሆዝ ረጅም ነው፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት ጫማ ይሆናል። ጫፉ ላይ ጠቅ ብሎ የሚገባ የናስ መሰኪያ ነው ያለው። ይህን ደግሞ ሕፃንም ይለየዋል። ታዲያ ሕፃን የሚለየውን ነገር ትቶ መሸጥ ምን ክብር አለው?

እኔ ታንክ አለኝ። ባለ 20 ፓውንድ። ቧንቧ የለኝም። ግሪሉን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮ አቆምኩት። ሥጋው ተቆርጦ፣ በሮዝመሪና በቃሪያ ተለውሶ ተዘጋጅቷል። እንግዳ ሞልቷል። እዚህ ላይ ነው የሊቃውንት ጉባኤ የተሰየመው።

መጀመሪያ የመጣው ሃያ ዓመት አሜሪካ የኖረው ነው። ማዞሪያዎቹን አየና «ጥቁር ማዞሪያ ፕሮፔን ነው» አለ። ቀጥሎ ግሪሉን በአንድ ጎን ብድግ አድርጎ «ከባድ ነው፤ ናቹራል ነው» ያለ መጣ። ሦስተኛው በርነሮቹን ቆጠረ። አራት ናቸው አለ። ሁላችንም አራት መሆናቸውን አመንን። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አላለም። አራትነታቸው በቂ ነው መሰለኝ።

አራተኛው አፍንጫውን ቱቦው ውስጥ ከተተ። ሁለቱም ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ እንደሌለው፣ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ቢያፈስ እንድናውቅ ተብሎ በሰው የሚጨመር እንደሆነ ልነግረው አሰብኩ። ግን ፊቱ ላይ ያየሁት ተመስጦ ከለከለኝ። ቆይቶ ቀና አለና «ፕሮፔን» አለ። ያሸተተው ያለፈውን ዓመት የዶሮ ስብ ይመስለኛል።

እነዚህ ሁሉ ግን መዘምራን ናቸው። ዋናው ቄስ ኢንጅነሩ ናቸው። ኢንጅነሩን የማታውቁ ከሆነ ግብዣ ላይ ሄዳችሁ አታውቁም ማለት ነው። በየጓሮው አሉ። ምን እንደተማሩ የጠየቀ የለም። አገር ቤት ሳሉ አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሰው ጄኔሬተር አስነስተዋል። ታሪኩን ከመጀመሪያ ጀምሮ ነገሩን። ጄኔሬተሩ የጣሊያን ነበር። ከዚያ የቼክ ሆነ። ሦስት መካኒክ አቅቶት ነበር። ከዚያ አምስት ሆኑ። ዝናብ ነበር። ሰርግም ነበር። ኢንጅነሩ በአንድ ፒንሳ ብቻ ገቡ። ሙሽራዋ አልቅሳ ነበር። መብራቱ ቦግ ሲል እልል ተባለ። ትልቁ ሰው ኪሳቸው ገብተው ስንት እንደሰጧቸው ሊነግሩን ሲሉ ባለቤቴ ሥጋው እየጠቆረ ነው አለች። እሳቸው ግን የሙሽራይቱን አባት ገና አላስተዋወቁንም ነበር። አስተዋወቁን። ጥሩ ሰው ነበሩ።

ከዚያ ወደ ግሪሉ ዞሩ። አንዱ ልጅ፣ ዩቲዩብ ያየ ነው፣ «ጋሼ፣ ጋዙ የሚወጣባትን ትንሿን ቀዳዳ ብናያትስ? ሰፊ ከሆነች ናቹራል ናት ይላሉ» አለ። ኢንጅነሩ በርኅራኄ አዩት። «ቀዳዳ በትራፓኖ ይስተካከላል» አሉ። እኔ ትራፓኖ ሲያሰፋ እንጂ ሲያጠብ አይቼ አላውቅም። እውቀት ገና ብዙ ይቀረኛል።

«ዋናው መሞከር ነው» አሉ ኢንጅነሩ። ከመኪናቸው አሮጌ የፕሮፔን ሆዝ አመጡ። በእንግሊዝ ቁልፍ አጠበቁ። ታንኩን ከፈቱ። «ራቅ በሉ» አሉ፤ እሳቸው ግን አልራቁም። ጫር አደረጉ።

እሳቱ ተነሳ አልላችሁም። ቆመ። ቢጫ ነው፤ ጫፉ ጥቁር ጭስ። ክዳኑን አልፎ የጎረቤቴን አጥር አየ። ኢንጅነሩ ወደ ኋላ ሲዘሉ የግራ ቅንድባቸው ግሪሉ ጋ ቀረ። አንዱ ሮጦ ታንኩን ዘጋ። ጸጥ ተባለ። ጥቀርሻው እንደ ጥቁር በረዶ ሥጋው ላይ ወረደ።

ኢንጅነሩ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ግንባራቸውን ዳሰሱ። ወደ እኔ ዞረው፣ በፈገግታ፣ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«አየህ? ይሰራል!»

አልተሳሳቱም። ከሚገባው በላይ ሰርቷል። ፕሮፔን በአንድ ኪዩቢክ ጫማ፣ ቢቲዩ በሚሉት የሙቀት መለኪያ፣ 2,500 ገደማ ይዟል፤ ናቹራል ጋዝ 1,000 ገደማ ነው። በዚያ ላይ የፕሮፔኑ ግፊት በውሃ ዓምድ ሲለካ 11 ኢንች ነው። የቧንቧው ግሪል ከ4 እስከ 7 ቢለምድ ነው። የቧንቧው ጋዝ ደካማ ስለሆነ ቀዳዳውን ሰፊ አድርገው ይሠሩለታል። በዚያ ሰፊ ቀዳዳ ፕሮፔን ስትለቁበት ለሽሮ በተሠራ ምድጃ የሳር ጎጆ እንደማንደድ ነው። የፕሮፔኑን ግሪል ቧንቧ ላይ ብትሰኩት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እሳቱ የጧፍ ያህል ብልጭ ብላ ሥጋው እስኪበስል ፍልሰታ ይገባል።

ሰኞ ማታ ጥቀርሻውን ላጥብ ብዬ ግሪሉን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። በዚያ ሁሉ ጉባኤ ከኋላው ያየው ሰው አልነበረም። ታች፣ ጥግ ላይ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል የብረት ታርጋ አለች። ጥቁር ናት። በቢላ ጫፍ ፋቅ አደረግኳት። ጥቁሩ ቀለም ነበር። ትኩስ ቀለም። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ወጣ፦ «ለናቹራል ጋዝ ብቻ»። የሞዴል ቁጥሩ አለ። ግፊቱ አለ። ቢቲዩው አለ። ሁሉም ነገር ተጽፏል።

ሻጩ ቀለም ቀብቶበታል። ዝገቱ ፎቶ ላይ እንዳይታይ ብሎ። እጁ ፊደሉ ላይ አልፏል፤ እያየ አልፏል። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «የግሪል ጋዝ ነው» አለኝ። ግቢዬ ውስጥ አምስት ልጆች ነበሩ። አንዷ አራት ዓመቷ ነው፤ ግሪሉ አጠገብ አረፋ ስትነፋ ነበር። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ እንደ ናቹራሉ ሽቅብ አይሄድም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ ቤዝመንት ይገባል፣ እዚያ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። እኔም ብሆን ያንን ሆዝ ሳያስፈትሹ፣ ያፈስ እንደሆነ በሳሙና ውሃ እንኳ ሳይዳስሱ እሳት ሲለኩሱ ቆሜ አይቻለሁ፤ ኢንጅነሩን ላለማስከፋት። አላፍርም ብል ውሸት ነው። «አላውቅም» ማለት ምን ያህል ያስከፍላል? ሻጩ «አላውቅም፣ መጥተህ ከኋላው አንብብ» ቢለኝ እኔ 80 ዶላሬን ይዤ እቀር ነበር፣ ኢንጅነሩም ቅንድባቸውን።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። አነሳ፤ ይህን ላመሰግነው ይገባል።

«ወንድሜ፣ እኔ ጋ ይሰራ ነበር።»

«አንተ ጋ በምን ነበር የሚሰራው?»

«በጋዝ።»

ለፋብሪካው ደወልኩ። ሞዴል ቁጥሩን ሰጠኋቸው። ወደ ፕሮፔን የሚቀይር ዕቃ ለዚህ ሞዴል የላቸውም። ላንዳንዱ ሞዴል አዲስ ቀዳዳና ሬጉሌተር አብሮ ይሸጣል፤ ለዚህ አይሸጥም። እንዳትነካካው አሉኝ። ኢንጅነሩ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ፋብሪካ ምን ያውቃል?

ስለዚህ እኔም በተራዬ ማስታወቂያ አወጣሁ። በቀን ብርሃን አነሳሁት። ብስክሌቱን ገለል አደረግኩ። የታርጋዋን ፎቶ ለብቻ፣ ከቅርብ አስገባሁ። ከሥሩ ጻፍኩ፦ «የናቹራል ጋዝ ግሪል። ለታንክ አይሆንም። ቤትህ የጋዝ ቧንቧ ከሌለህ እባክህ አትምጣ። 40 ዶላር።»

ሦስት ቀን ማንም አልጻፈልኝም። ትናንት ማታ አንድ ሰው ጻፈ።

«ሰላም ወንድሜ፣ አለ?»

«አለ። ግን ናቹራል ጋዝ ነው። ቧንቧ አለህ?»

«ቧንቧ የለኝም። ታንክ አለኝ። ችግር የለም፣ የሚያስተካክልልኝ አንድ ኢንጅነር አለ። ይሰራል።»