የጢም አስመራጭ ኮሚቴ

የኦንላይን ጌም ሊጀምር ብሎ «የትኛው ዘር ይሻለኛል? የትኛውስ ክላስ (የገጸ ባሕርዬ ሙያ)?» የሚል ሰው ምክር የፈለገ ይመስላል። አልፈለገም። አራት ሰው ተሰብስቦ፣ ቁጥር ጠቅሶ፣ ጥቅምና ጉዳቱን አስረድቶት ሲያበቃ «እሺ፣ ግን የናይት ኤልፉ (ጆሮ ረጅሙ ዘር) ጆሮ ደስ አይልም?» ይላል። ታዲያ ምን አደከመን ወንድሜ? ጆሮና ጢም ለመምረጥ ኮሚቴ ይቋቋማል እንዴ?

የምናወራው ስለ ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ፣ በ2019 ደግሞ «ክላሲክ» ተብሎ እንደገና ስለተከፈተው አሮጌው። 8 ዘር፣ 9 ክላስ አለው። ሁለት ጠላት ወገን አለ፤ አራቱ ዘር አልያንስ ነው፣ አራቱ ሆርድ። የአንዱ ወገን ሰው የጻፈው ለሌላው ወገን የሚታየው ትርጉም የለሽ ፊደል ሆኖ ነው፤ ጨዋታው ሆን ብሎ ያበላሸዋል። እኛ ለዚህ ኮምፒውተር አላስፈለገንም። ዘር በማውዝ ጠቅታ የሚመረጥበት ዓለም ተገኝቶ እንኳ እዚያም በወገን ተከፍለን ከተደባደብን ምን ይባላል። ይቅር፣ ወደ ነገራችን።

መጀመሪያ የሚመረጠው ዘር ሳይሆን ክላስ ነው። ሁሉም ዘር ሁሉንም ክላስ አይሆንማ። በአልያንስ ድሩይድ (ወደ አውሬ የሚለወጠው ክላስ) የሚሆነው ናይት ኤልፍ ብቻ ነው፣ በሆርድ በሬ መሳዩ ቶረን ብቻ። ፓላዲን (ቅዱሱ ባለ ሰይፍ) ከፈለግክ አልያንስ ግባ፣ ሻማን (መናፍስት ጠሪው) ካማረህ ሆርድ። ቀንዱን ወዶ ቶረን የመረጠ ሰው «ሜጅ (አስማተኛ) የሚለው የታለ?» እያለ ገጹን ሲያገላብጥ ያመሻል። የለም። ስሙም ቢሆን ከ12 የላቲን ፊደል አይበልጥም፤ ገብረእግዚአብሔር የተባለ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆረጡ አይቀርም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው፤ የተናገሩት አባቶች ጌም ተጫውተው የሚያውቁ ይመስሉኛል። በአዲሱ ጨዋታ ከፍለህ ዘርህን መቀየር ትችላለህ። ክላስ ግን በገንዘብም በልመናም አይቀየርም፤ ያሳደግከውን ትተህ ከሌቭል 1 ትጀምራለህ።

ስለዚህ ራስህን የምትጠይቀው «የትኛው ይበረታል?» ብለህ ሳይሆን «ማታ ማታ ምን ስሠራ ላመሽ ነው?» ብለህ ነው። ዱንጅን፣ ማለትም በቡድን የሚገባበት የጠላት ጎሬ፣ የሚገባው 5 ሰው ነው፤ አንድ ታንክ (ምቱን የሚቀበል)፣ አንድ ሂለር (የሚያክም)፣ ሦስት ገዳይ። ሁሉም ገዳይ መሆን ይፈልጋል። አገር ሙሉ ገዳይ ከተማ መሃል ቆሞ ታንክ ይለምናል። ታንክ የሚሆነውን ተዋጊ፣ ዋሪየርን፣ ከሆንክ ትፈለጋለህ፤ ነገር ግን እስክታድግ ብቻህን ስትዋጋ ከየውጊያው በኋላ ቁጭ ብለህ ዳቦ መግመጥ ነው። ሜጅ ዳቦውንም ውኃውንም ራሱ ይፈጥራል፤ ቅጣቱ ደግሞ ያየው ሁሉ «ውኃ ስጠኝ» ማለቱ ነው፣ እባክህ እንኳ ሳይጨምር። ዋርሎክ (ጋኔን ጠሪው) ለአስማቱ የነፍስ ስባሪ ያጠራቅማል፤ እያንዳንዱ ስባሪ የቦርሳውን አንድ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ሌላ ዕቃ ማስቀመጫ የለውም። ፓላዲን ሰይፍ አይቶ የገባው ሰው መጨረሻው ላይ፣ ሌቭል 60 ሲደርስ፣ ጨርቅ ለብሶ አካሚ ይሆናል፤ የሚያድለው ተራ ቡራኬ በ5 ደቂቃ ያልቃል፣ እንደገና ይዞራል።

ዘር ምንም ለውጥ የለውም ማለቴ አይደለም። ዋናው አለቃ፣ ማለትም በመጨረሻ የሚገጠመው ትልቁ ጠላት፣ እንደ ሌቭል 63 ስለሚቆጠር፣ ከዋሪየር ተራ ምት 40 በመቶው ጨርፎት ብቻ ያልፋል፤ የጨረፈው ምት በአማካይ 35 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ሰው የሚባለው ዘር ሰይፍ ሲይዝ፣ ኦርክ የሚባለውም መጥረቢያ ሲይዝ፣ 5 ነጥብ የመሣሪያ ችሎታ ይጨመርለታልና ኪሳራው ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። ይህ ልዩነት ነው። ግን ይህንን ቁጥር የሚፈልገው 40 ሰው ይዞ አለቃ የሚገጥም ነው እንጂ ገና ጫካ ውስጥ ከርከሮ የሚያሳድድ ጀማሪ አይደለም።

ሃንተርን፣ ያንን የተገራ አውሬ የሚያስከትል ባለ ቀስት፣ ሳላነሳ አላልፍም፤ ሲከነክነኝ ኖሯል። ከሞተ ጠላት ዕቃ ሲወድቅ «ያስፈልገኛል» የሚለውን የተጫነ ሁሉ ከ1 እስከ 100 ዕጣ ይወጣለታል፤ ክላሲክ ላይ የሚከለክል የለም። ሃንተር ቀስት መጣ ያስፈልገዋል። የሮግ (አድብቶ ወጊው ክላስ) ሰይፍ መጣ፣ ያስፈልገዋል። «ቅልጥፍና ይጨምርልኛል» ይላል፤ በሰይፉ ሳይመታበት ወገቡ ላይ ሰቅሎት ይዞራል። አውሬው ደግሞ ግራውል የሚለው ማጓሪያው አልጠፋም፤ ጠላትን ከታንኩ ይነጥቃል፣ ሂለሩ የቱን እንደሚያክም ግራ ይገባዋል፣ አምስቱም ይሞታሉ። አዝራሩን በቀኝ ጠቅታ ማጥፋት አንድ ሰከንድ አይፈጅም! አንድ ሰከንድ! በክላሲክ ሰው የሚባለው ዘር ሃንተር መሆን አይፈቀድለትም፤ ሠሪዎቹ ቢያንስ እዚህ ላይ አስበውበታል።

ጠያቂያችንስ? ናይት ኤልፍ ሃንተር ሆኗል አሉ። በጆሮው። ምን ይደረጋል፣ ገብቷል። እንግዲህ ዱንጅን ውስጥ ከፎቅ ወደ ታች ከመዝለልህ በፊት አውሬህን አሰናብት፤ እሱ እንደ አንተ አይዘልም፣ በደረጃው ዞሮ መንገድ ላይ ያገኘውን ጠላት ሁሉ አስከትሎ ነው የሚመጣው።