የኮር ቆጠራ በየማሽኑ አይለያይ

ደብረ ማርቆስ ላይ ባየሁት አንድ የኮምፒውተር ርክክብ፣ የጨረታው ዝርዝር መግለጫ «ባለ 8 ኮር» ይላል፤ ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው። ተረካቢው ባለሙያ ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለ ፕሮሰሰሩ መረጃ የሚያሳይበትን ሲፒዩኢንፎ ፋይል ከፍቶ «ፕሮሰሰር» የሚለውን መስመር ቆጠረ። ከ0 እስከ 7፣ ስምንት ሞላ፤ ተፈረመ። እዚያው ፋይል ላይ ዝቅ ብሎ «ሲብሊንግስ 8፣ ሲፒዩ ኮርስ 4» ይላል፤ የመጀመሪያው የትሬዶች፣ ሁለተኛው የኮሮች ብዛት ነው። ማሽኑ አራት ኮር ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት የትእዛዝ ሰንሰለቶች፣ ያስኬዳል። ሁለቱ ትሬዶች አንድ የስሌት ክፍል ስለሚጋሩ፣ ስሌት በበዛበት ሥራ የስምንት ኮር ጉልበት አይገኝም። ሁለት ገበሬ በአንድ ጥማድ በሬ ቢያርስ ማን ሁለት ጥማድ ብሎ ይመዘግባል?

ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። ለእያንዳንዱ ትሬድ «ፕሮሰሰር» የሚል ስም የሰጠው የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ራሱ ነው። ስሙ አንድ ቺፕ አንድ ፕሮሰሰር ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ኮር ሁለት ትሬድ የሚያስኬደውን ሃይፐር ትሬዲንግን በፔንቲየም 4 ላይ አመጣ፤ በ2005 ደግሞ ባለ ሁለት ኮር ቺፖቹ ገበያ ገቡ። ስሙ ግን ባለበት ቆመ።

የባሰው ሌላ ነው። ያንኑ ፋይል በአርም ፕሮሰሰር በሚሠራው ትንሽ ኮምፒውተር፣ በ64 ቢት ራስበሪ ፓይ ላይ ብትከፍቱት የኮር ብዛት የሚናገር መስመር ጭራሽ የለም፤ የአምራቹና የቺፑ መለያ ቁጥርና መሰል መረጃ ነው የተደረደረው። ከርነሉ አንድ፣ የፋይሉ ስም አንድ፣ መልሱ ግን ሌላ። ተማሪ በላፕቶፑ ላይ የጻፈው ፕሮግራም እዚያ ሲደርስ ቢሰናከል ምን ይገርማል?

ፋይሉን አሁን እንቀይረው አልልም። ስንት ፕሮግራም በነባሩ አቀራረብ ላይ ቆሟል፤ የሊኑክስ አልሚዎችም የተጠቃሚን ፕሮግራም አናበላሽም የሚሉት በበቂ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሲስኤፍኤስ በተባለው፣ ከርነሉ የማሽኑን መረጃ በሚያቀርብበት የፋይል ሥርዓት ውስጥ ያለው የቶፖሎጂ (የፕሮሰሰር አደረጃጀት) ማውጫ ነው፤ ሶኬቱን (ቺፑ የሚሰካበትን ቦታ)፣ ኮሩንና ተጋሪ ትሬዶቹን በኢንቴልም በአርምም በአንድ ዓይነት ስም ያስቀምጣል። አዲስ የፕሮሰሰር ዓይነት ወደ ከርነሉ ሲገባ ይህን ማውጫ በትክክል መሙላት ከመጀመሪያው ቀን ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ በኋላ የሚጨመር ማሻሻያ ተደርጎ መታየት የለበትም።

የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲያስተምሩ ከዚሁ ማውጫ ቢጀምሩ እወዳለሁ። የጨረታ ኮሚቴዎች ደግሞ «8 ኮር» ብለው አይለፉ፤ የሶኬት ብዛት፣ በአንድ ሶኬት ስንት ኮር፣ በአንድ ኮር ስንት ትሬድ ብለው ለየብቻ ይጻፉ። ኤልኤስሲፒዩ የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ሦስቱንም ለየብቻ ያወጣል። ውጤቱ ታትሞ ከዕቃ መረከቢያ ቅጹ ከሞዴል 19 ጋር ይያያዝ።