የአኒሜ ፊት ደረታችን ላይ መለጠፍ ይብቃችሁ

ኧረ በናታችሁ! አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) የሚወድ ሰው የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ፊት እንደ ምርጫ ፖስተር ደረቱ ላይ ለጥፎ ካልዞረ አይቆጠርለትም ያለው ማነው? የቴሌግራም የልብስ ቻናሎችን አንድ በአንድ ክፈቷቸው። ስስ ጥቁር ቲሸርት፣ መሃሉ ላይ አፉን ከፍቶ የሚጮህ ናሩቶ፣ ከሥሩ ማንም የማያነበው የጃፓን ጽሑፍ፣ ከዚያ "ኦርጅናል ነው፣ ፍሪ ሳይዝ፣ ዋጋ በኢንቦክስ"። ቀጣዩ ቻናል ላይ ያው ቲሸርት ነው፣ ፊቱ ብቻ ወደ ጎኩ ተቀይሯል። ሦስተኛው ላይ ሌቪ። ስትሪትዌር (የመንገድ ፋሽን) ይሄ ከሆነማ የሟች ፎቶ ታትሞበት ለቅሶ ላይ የሚለበሰው ቲሸርትም ስትሪትዌር ነው። አሠራሩ እኮ አንድ ነው!

መጀመሪያ ፎቶው። አብዛኛው ሰው ምስሉን የሚያወርደው ከፒንተረስት ነው፤ ከዚያ የሚወርደው ደግሞ ብዙ ጊዜ 736 ፒክስል ስፋት ያለው ነው። ደረት ላይ የሚያርፍ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕሪንት ጥርት ብሎ እንዲወጣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል፤ ሲሰላ ወደ 3,540 ፒክስል ይመጣል። 736ቱን 30 ሴንቲ ላይ ለጥጡት፣ በኢንች 62 ነጥብ ይቀራችኋል። ስልክ ላይ ያማረው ዓይን ልብሱ ላይ ሲወጣ በእንባ የፈሰሰ ኩል የሚመስለው ለዚህ ነው። አታሚው ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያውቃል፣ ግን "ችግር የለውም፣ በኤአይ አሳድገዋለሁ" ይላችኋል። ያሳድገዋል። ሲያሳድገው የሌለ ነገር ይጨምርበታል፤ ሻሪንጋኑ (የናሩቶ ታሪክ ውስጥ ያለው ቀዩ ዓይን) ላይ ሦስት የነበረው ነጠብጣብ አራት ሆኖ ይመጣል። ጥሩ ምስል ካገኛችሁ ደግሞ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩት፣ ይጨመቃል። "ፋይል" የሚለውን ነክታችሁ ላኩ። ይቺ አንዲት ንክኪ ግማሹን ጣጣ ትቀንሳለች።

ከዚያ ኅትመቱ። "ፕሪንት ነው" ይሉና ያልፉታል። የትኛው ፕሪንት? ሰብሊሜሽን የሚባለው ቀለሙ ከ190 እስከ 200 ዲግሪ ሙቀት ላይ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ፖሊስተር ውስጥ የሚገባበት ነው። ጥጥ ላይ አይዝም፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ የሰው ጥላ ይመስላል። ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ያንን የሚያንሸራትት፣ ላብ የማይመጥ ነጭ ፖሊስተር "የስፖርት ጨርቅ ነው" ብለው ይሸጡላችኋል።

አሁን የተለመደው ዲቲኤፍ ነው። ምስሉ ከነጭ የቀለም ንጣፍ ጋር ፊልም ላይ ይታተማል፣ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ዱቄቱ በሙቀት ይቀልጣል፣ ከዚያ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ በሆነ ፕሬስ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ልብሱ ላይ ይጫናል። ፊልሙ ይላጣል። ከተላጠ በኋላ ደግሞ እንደገና ለ5 ወይም ለ10 ሰከንድ ይጫናል፤ ሁሉም የሚዘላት ይቺን ናት! ሁለተኛው መጫን ነው ዳሩን ከጨርቁ ጋር የሚያያይዘው። ወረፋ አለ፣ ደንበኛ ቆሟል፣ ይዘሉታል። ሦስተኛው እጥበት ላይ የናሩቶ ፀጉር ከጫፉ መነሳት ይጀምራል፣ እናንተ ደግሞ ሳሙናውን ትረግማላችሁ።

ሌላም አለ። ጥቁር ቲሸርት ላይ ጥቁር መደብ ያለው ምስል ለምን ታትማላችሁ? ጨርቁ ራሱ ጥቁር ነው እኮ። መደቡ ከምስሉ ላይ ተቆርጦ ይውጣ፣ ጥቁሩን ጨርቁ ይሥራው። ያኔ ደረት ላይ የሚተኛው ላስቲክ በግማሽ ይቀንሳል፣ ልብሱም አየር ያስገባል። አሁን የሚሸጠው ግን 30 በ40 የሆነ ድፍን አራት ማዕዘን ነው። እሱን ለብሶ አዳማ መውረድ የዝናብ ልብስ ለብሶ ሻወር ቤት መግባት ነው።

የጃፓን ጽሑፉስ? በሙቀት ወደ ልብስ የሚዛወር ኅትመት ፊልሙ ላይ ተገልብጦ ነው የሚታተመው። መገልበጡ ከተረሳ ልብሱ ላይ የግራው ቀኝ ይሆናል። ጽሑፉ አማርኛ ቢሆን መርካቶ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ጃፓንኛ ስለሆነ ማንም አያይም፣ ተሸጦ ያልቃል። ናሩቶ ውስጥ የአራተኛው ሆካጌ (የመንደሩ መሪ) ነጭ ካባ ጀርባ ላይ ከላይ ወደ ታች አምስት ፊደላት አሉ፣ "ዮንዳይሜ ሆካጌ" የሚሉ። ጃፓንኛ ሳታውቁም ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦ ከሁሉም ታች ያለው ፊደል በቀኝ በኩሉ ሦስት ዘንበል ያሉ ጭረቶች አሉት። ጭረቶቹ በግራ ከመጡ ተገልብጧል፣ አትክፈሉ።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ የኅትመት ጣጣ ነው። ዋናው ብሶት ግን ፊቱ ጭራሽ አለማስፈለጉ ነው። ገጸ ባሕርዩን ከሩቅ የምታውቁት በቀለሙ፣ በልብሱ አጣጣልና በአንድ ምልክቱ ነው። አዲዳስ እ.ኤ.አ. በ2018 ድራጎን ቦል ከሚባለው የጎኩ አኒሜ ጋር ሰባት ጫማዎች ሲያወጣ የጎኩ ብርቱካናማና ሰማያዊ፣ የፍሪዛ ነጭና ሐምራዊ ነበር። የሚያውቅ ሰው ቀለሙን ብቻ አይቶ ይለየዋል፤ የማያውቀው አሪፍ ስኒከር ነው ብሎ ያልፋል። እዚህ ግን ሱቅ ገብታችሁ "ፊት የሌለው አላችሁ?" ብትሉ ባለሱቁ ያያችኋል፣ "ታዲያ አኒሜ መሆኑ በምን ይታወቃል?" ይላል።

በምን እንደሚታወቅ እንንገረው። ናሩቶ ውስጥ ያለውን የአካትሱኪ ቡድን ካባ እንውሰድ። ረጅም ነው፣ ጥቁር ነው፣ ነጭ ዳር ያላቸው ቀይ ደመናዎች አሉት፣ ኮሌታው አገጭ ይደርሳል፣ ገበሩ ቀይ ነው። (ደመናው ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፣ አሜጋኩሬ በሚባለው መንደር ላይ በጦርነቱ የዘነበውን የደም ዝናብ ያስታውሳል፤ "አካትሱኪ" ማለት ራሱ ንጋት ነው።) ገበያው ላይ ያለው ምንድነው? የሚያብረቀርቅ ሳቲን፣ ስምንት ደመና ተለጥፎበት። ለብሶት የወጣ ልጅ የምርቃት ጋዋን ሳይመልስ የጠፋ ተማሪ ነው የሚመስለው።

መንገድ ላይ የሚለበስ አካትሱኪ እንዲህ ይሠራል። ጥቁር፣ ባለ ዚፕ፣ አንገቱ ቆም የሚል ሁዲ ፈልጉ፤ ጨርቁ በካሬ ሜትር ከ350 እስከ 400 ግራም ይሁን፣ ከዚያ በታች ከሆነ አንገቱ ይወድቃል። ለኮፍያው ቀይ ገበር አስገቡ፣ ግማሽ ሜትር ጥጥ ይበቃል፤ ልብስ ሰፊ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ኮፍያው ወደ ኋላ ሲወድቅ ቀዩ ብልጭ ይላል፣ ግማሹ ነገር እዚያ አለቀ። ከዚያ አንድ ደመና። ስምንት አላልኩም! አንድ፣ ግራ ደረት ላይ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በጥልፍ። ነጩ ዳር ቢያንስ አንድ ሚሊ ተኩል ይኑረው፣ ከዚያ ከቀጠነ ነጩ ክር በቀዩ ተውጦ ይጠፋል። የሐበሻ ቀሚስ በኮምፒውተር የሚጠልፉ የሽሮ ሜዳ ሰዎች ይሄን ሠርተው እጃቸውን ይጠራርጋሉ፤ የቀሚስ መስቀል ከዚህ በብዙ ይከብዳል። ግን ምስሉን በስልክ ይዞ መሄድ አይበቃም፣ ወደ ጥልፍ ፋይል መቀየር አለበት፣ ለዚያም ለብቻው ይከፈላል። ከጀርባው ማጠንከሪያ ጨርቅ መደረጉንም ጠይቁ። ስስ ቲሸርት ላይ ያለ ማጠንከሪያ ከተጠለፈ ዙሪያው ተጨማዶ እንደ ጠባሳ ይቀራል።

የዲመን ስሌየሩ ታንጂሮ ደግሞ ሌላ ቅጥል የሚያደርግ ነገር ነው። ሀኦሪው (ከላይ የሚደረበው ክፍት ካባ) አረንጓዴና ጥቁር ዳማ ነው፣ ጃፓኖች ከድሮ ጀምሮ "ኢቺማትሱ" የሚሉት ጥለት። አሳታሚው ሹኤይሻ እ.ኤ.አ. በ2020 በንግድ ምልክትነት ላስመዝግበው ብሎ አመልክቶ ነበር፤ የጃፓን ፓተንት ቢሮ በ2021 አልተቀበለውም፣ የቆየና የተለመደ ጥለት ነው በሚል። ዳማው የማንም አይደለም ማለት ነው! ከጨርቅ ተራ ገዝቶ ማሰፋት ይቻላል። ታዲያ ለምንድነው ዳማው የታተመበት የሚንሿሿ ፖሊስተር ካባ ከነታንጂሮ ፊቱ የሚሸጥልን?

ጨርቅ ስትመርጡ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ያዘንብል። የባንዲራ አረንጓዴ ከሆነ አለቀ፣ ታንጂሮ መሆኑ ይቀርና የኳስ ደጋፊ ይሆናል። አንዱ ዳማ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ይሁን፤ 2 ሴንቲ ከሆነ የጠረጴዛ ልብስ ነው። 150 ሴንቲ ስፋት ካለው ጨርቅ ሰፋ ላለ ሸሚዝ 2 ሜትር ይበቃል፣ ግን 2 ሜትር ተኩል ግዙ። ግማሽ ሜትሯ ዳማውን ለማግጠም ናት። ልብስ ሰፊው የጎንና የእጅ ስፌት ላይ አረንጓዴ ከአረንጓዴ እንዳይጋጠም እያሰላ መቁረጥ አለበት፣ ያ ጨርቅ ይበላል። "ጋሼ፣ ዳማው ስፌቱ ላይ ይግጠምልኝ" ብላችሁ ከመቆረጡ በፊት ተናገሩ፤ ከተቆረጠ በኋላ መነታረኩ ዋጋ የለውም። ከፊት ክፍት ይሁን፣ ቁልፍ አይኑረው፣ ውስጡ ያልተጻፈበት ጥቁር ቲሸርት፣ ከታች ሰፊ ጥቁር ሱሪ። ሌላ ጥለት አጠገቡ አይድረስ። ከፊት የሚደራረብ፣ የኪሞኖ ዓይነት ካሰፋችሁ ደግሞ የግራው ከላይ ይሁን። ጃፓን ውስጥ የቀኙ ከላይ የሚደረገው ለሬሳ ነው።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። የዴዝ ኖቱ ኤል? ሰፋ ያለ ነጭ እጅጌ ሙሉ ቲሸርትና ሰማያዊ ጅንስ፣ ሰልባጅ ተራ ውስጥ ሁለቱም ሞልተዋል። ነጩ ብቻ ወፈር ያለ ይሁን፤ እጃችሁን ከውስጥ አስገብታችሁ ወደ ብርሃን አዙሩት፣ ጣታችሁን ከቆጠራችሁ መልሱት። የዋን ፒሱ ዞሮ? ጥቁር አረንጓዴ ረጅም ኮት፣ ወገብ ላይ ቀይ መቀነት። መቀነት ለማሰር ከጃፓን መማር አያስፈልገንም መቼም።

አሁን ደግሞ "ኦቨርሳይዝ"። ኦቨርሳይዝ ማለት ደብል ኤክስ ኤል መግዛት አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም! ቁጥር ሲጨምር ርዝመቱም አንገቱም አብሮ ይጨምራል፣ ልጁ የታላቅ ወንድሙን የለበሰ ይመስላል። የምታውቁትን ልክ ሆኖ የተሰፋ ቲሸርት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግታችሁ ለኩ። ትከሻው 46 ሴንቲ ከሆነ ወደ 54 ወይም 56 ይሂድ፣ ደረቱ 54 ከነበረ 60 ወይም 62። ርዝመቱ ግን እዚያው 70 አካባቢ ይቆይ። የትከሻ ስፌቱ ወደ ክንድ ይውረድ፣ አንገቱ ግን ጠበብ ብሎ ወፍራም ሪብ ይኑረው። የቻይና ልክ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ኤክስ ኤል የተባለው ብዙ ጊዜ እኛ ኤል የምንለው ነው። "ፍሪ ሳይዝ" የሚለውን የጻፈው ሰው ማንን ለክቶ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ሁሉ ተሳክቶ ቤት ሲገባ ደግሞ እጥበት አለ። ከታተመ 24 ሰዓት ሳይሞላው ውኃ አይንካው። ይገልበጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ በረኪና አይጠጋው፣ ጥላ ውስጥ ይሰጣ፣ ካውያ ፕሪንቱ ላይ በቀጥታ አይረፍበት። ከሁሉም በላይ አይፈተግ። እናቶቻችን እድፍ ካዩ ፈትገው ማስለቀቅ ነው የሚያውቁት፣ ናሩቶም እንደ እድፍ ይለቅላቸዋል። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ወይ ራሳችሁ እጠቡት።

እናንተ ባለሱቆች ደግሞ፦ የትከሻ፣ የደረትና የርዝመት ልክ በሴንቲ ሜትር፣ የጨርቁ ክብደት በግራም፣ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር፣ የኅትመቱ ዓይነት፣ ዋጋው። አምስት መስመር ነው፣ ከፎቶው ሥር ጻፉት። "ትከሻው ስንት ነው?" ብሎ ኮሜንት ላይ ለጠየቀ ሰው "ኢንቦክስ" እያላችሁ አትመልሱ። የቲሸርት ትከሻ ምን ሚስጥር አለው?