የአጎቴ ደብዳቤዎች ትዝ አሉኝ

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወዶ የዘመተ አንድ እግረኛ ወታደር ለቤተሰቡ የጻፈውን ደብዳቤ ሳነብ አጎቴ ትዝ አለኝ፣ ደምበጫ አያቴ ሙዳይ ውስጥ ኤርትራ ከናቅፋ ግንባር የላካቸው አራት ደብዳቤዎች አሉ። ሁሉም «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ስለ ጦርነቱ ምንም የለም ስላችሁ፣ ቀይዋ ላም ወለደች ወይ ጤፉ ታጨደ ወይ ብቻ። አያቴ ፊደል ስላልቆጠረች ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ አንብብልኝ ትላለች፣ ላሟ ጋ ስደርስ «እስቲ እሱን ድገመው»። የአሜሪካኖቹ እኮ ከ1861 (በፈረንጅ) ጀምሮ ቴምብር ባይኖራቸውም ፖስታው ላይ «የወታደር ደብዳቤ» ከተባለ ይሄድላቸው ነበር፣ ሂሳቡን ተቀባይ ይከፍል ነበር፣ አሪፍ ዘዴ ነው። የአጎቴ የመጨረሻው የመጣው እዚያው ኤርትራ ያለው አፋቤት መጋቢት 1980 በሻዕቢያ ከመያዙ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ላሟ ወልዳ ነበር፣ ጽፈንለታል፣ ይድረሰው አይድረሰው እስካሁን አናውቅም።