«ምን ይላል ልጄ?»

እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኔን በጀርባዋ አዝላ ነበር የምትማረው። ዛሬም ፊደል ካየች ዝም ብላ አታልፍም። የዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ታነባለች። የሚኒባስ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ታነባለች። የለቅሶ ማስታወቂያ ከሆነማ መንገድ ተሻግራም ቢሆን ሄዳ ታነባለች።

ባለፈው ጥር ለዕረፍት ባሕር ዳር ገብቼ ሽርሽር ይዣት ወጣሁ። ጣና ዳር ባለ አንድ የደን መግቢያ ላይ ትልቅ ታፔላ ቆሟል። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። እምዬ መነጽሯን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አደረገች። ጠጋ አለች። ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ምን ይላል ልጄ?» አለችኝ።

እንግሊዝኛ ነው። አማርኛው አናቱ ላይ ያለው የቦታው ስም ብቻ ነው። ከሥር ደግሞ የድርጅት ዓርማ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ዓርማ ከጽሑፉ ይተልቃል። ማንበብ የምትችል ሴት፣ በገዛ አገሯ፣ ስማቸውን በምታውቃቸው ዛፎች መካከል ቆማ አስተርጓሚ ፈለገች።

ነገሩ የበለጠ ያንገበገበኝ እንጀራዬ ይኸው ስለሆነ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ለሕዝብ የዕፅዋት ቦታዎችና ለሙዚየሞች የማብራሪያ ሰሌዳ እሠራለሁ። አንድ ሰሌዳ ለመሥራት ሦስት ወር የምንጨቃጨቅበት ጊዜ አለ። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከቀለም አይደለም፤ ከፎቶም አይደለም። «እዚህ ቦታ ላይ የሚቆመው ሰው ማነው?» ከሚለው ነው። እሱ ሳይመለስ አንድ መስመር አይጻፍም። ከዚያ ሰሌዳው የሚናገረው አንድ ነገር ይመረጣል። አንድ ብቻ። ጽሑፉ ከ60 ወይም ከ70 ቃል እንዳያልፍ እንቆራርጠዋለን። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ልጁ እጁን እየጎተተው እንደሚያነብ እናውቃለን።

እኔ በጣም የምወደው ሙከራውን ነው። ዋናው ከመታተሙ በፊት በተራ ወረቀት አትመን፣ ካርቶን ላይ ለጥፈን፣ ከተክሉ ፊት እናቆመዋለን። ከዚያ ራቅ ብለን እናያለን። ሰው የት ላይ አንብቦ ይተወዋል? የትኛው ቃል ላይ ግንባሩን ይቋጥራል? አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ ዛፉን ያያል ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል? ካላየ ጽሑፉ ወድቋል፤ እንደገና ነው። ፍሪማን ቲልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1957 እ.ኤ.አ. የዚህ ሥራ ዋና ዓላማ ማስተማር ሳይሆን መቀስቀስ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። እኛ ቤት ይቺ ነገር ከአፍ አትጠፋም።

ወደዚያ ታፔላ ልመለስ። ላሜራ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ነው። ጠርዙ ተልጧል። ፎቶዎቹ በሙሉ ሰማያዊ ሆነዋል። ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ቢጫውንና ቀዩን ነው፤ ሰማያዊው ወደኋላ ይቀራል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትምርም። ፎቶው ላይ የነበረችው ወፍ ቀለሟ ምን እንደነበር አሁን ማንም አያውቅም። የቦታውን ስም የጻፉበት ፊደልም ቀጭን ስለሆነ ደብዝዟል። የኛ ፊደል ደግሞ ይህን አይችልም። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት ቅጥያዋ መሐል ላይ ወይም እግሩ ሥር በመሆኗ ብቻ ነው። እሷ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ቃል ነው። ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለግዕዝ ፊደል አይበቃም፤ ከፍ ማለት አለበት።

ሥራው የሚመለከተውን አንድ ሰው አግኝቼ ለምን አማርኛ እንደሌለው ጠየቅሁት። «የሚመጣው ቱሪስት ነው፤ ያገሩ ሰውማ ያውቀዋል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በትሕትና ነው የመለሰልኝ። እኔ ግን በሩ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜያለሁ። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ገቡ። ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ገቡ። ሽማግሌዎች ገቡ። ፈረንጅ ሁለት ብቻ ነው ያየሁት። ያገሩ ሰው ያውቀዋል የሚለው ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ልጆቹ በምን ይወቁት?

በማግሥቱ በጀልባ ዘጌ ተሻገርን። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን የመቅደሱን ግድግዳ ስናይ ልቤ ተነካ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥዕል ነው፤ እንደ ባለሙያ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ጻድቁ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጥኡ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው ከሩቅ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ከሥዕሉ አናት ላይ አጭር ጽሑፍ አለ፤ ረጅሙን ታሪክ ቄሱ ይተርኩታል። የሚቆመው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ይህን አልሳሉትም። እኛ በሦስት ወር ጭቅጭቅ የምንፈልገው ነገር እዚህ ግድግዳ ላይ ተሠርቶ አልቋል።

አንድ አባት ደጁ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። «አባ፣ ይህ ቡና ከየት መጣ ይላሉ?» አልኳቸው። የጥንቱ ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ አሉን። ለዚህ ነው ዘጌ ላይ በሬ የማይጠመደው፤ ቃል ኪዳን አለ፤ ሰው በዛፉ ይኖራል አሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። በልቤ ቃሉን ቆጠርኩ፤ አንድም የሚቆረጥ የለውም።

ማታ ቤት ስገባ አላስችል አለኝ። ካርቶን ቆረጥኩና በማርከር የአባን ነገር ጻፍኩት። ጓሯችን ካለው ቡና ሥር አቆምኩት። እምዬን ጠራኋት።

መነጽሯን አደረገች። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስከተለች ጮክ ብላ አነበበች። «ዕፅዋት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ዛፍ አትለውም?» አለች። ሰረዝኩና ዛፍ አልኩት። ቀጠለች። «ዙሪያህን ተመልከት» የሚለው ላይ እንደገና ቆመች።

«ይኸ ወንድ ነው የሚጠራ» አለች። «እኔንስ?»

አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ይህን የነገረኝ የለም። እንግሊዝኛው ወንድና ሴት ሳይለይ ያዝዛል፤ አማርኛው ግን ገና አፉን ሲከፍት ግማሹን ሰው ውጭ ያስቀረዋል። ሰርዤ «ዙሪያችሁን ተመልከቱ» አልኩት።

ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበች። ስትጨርስ ቀና አለች። ቡናውን አየች። አጥሩ ሥር ያለውን ጌሾ አየች። ከዚያ ጓሮውን ዙሪያ ቃኘችና «ሎሚው ነው የጎደለን» አለች። «ቅዳሜ ገበያ ችግኝ እናያለን።»