አጥንቴ ገጠመ፣ እጄ ግን አልነሳ አለ

ባለፈው ክረምት እርጥብ ደረጃ አንሸራቶኝ በቀኝ ጎኔ ወደቅኩ። ክንዴ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ ተሰበረ። ኦፕራሲዮን አያስፈልግም ተባለና እጄን በአንገቴ አንጠልጥዬ ቤቴ ገባሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ አዲሱን ራጅ አየና «በደንብ ገጥሟል፤ ድነዋል እኮ!» አለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ማታ ከመደርደሪያ ስኒ ላወርድ ስል እጄ ከደረቴ በላይ አልሄድ አለ።

እንግዲህ ድኛለሁ። ፀጉሬን የምታስርልኝ ግን ልጄ ናት። ነጠላዬንም የምታጣፋልኝ እሷው። የባሰው ደግሞ ማዕድ ላይ ነው። እጄ በተንጠለጠለበት ሰሞን በግራ መብላት ነውር ሆኖብኝ እህቴ ስታጎርሰኝ ከረመች። አሁን ራሴ እበላለሁ፤ ከትሪው ማዶ ላለ ሰው ጉርሻ ልዘረጋ ስል ግን ትከሻዬ ቆልፎ ይይዘኛል።

ከሆስፒታል የተሰጠኝን ወረቀት ኋላ ፈልጌ አነበብኩት። የማስታገሻው ስም አለ፣ የቀጠሮው ቀን አለ። እጅዎን እንዲህ ያንቀሳቅሱ የሚል አንድ መስመር የለም። ሐኪሙን አልወቅስም፤ ኮሪደሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አይቻለሁ። ቅሬታዬ አሠራሩ ላይ ነው። አጥንቱ ገጠመ ሲባል ፋይሉ ይዘጋል። እኔ ያኔ ገና መንገዱን እያጋመስኩ ነበር።

ትከሻን ዙሪያውን የሸፈነ ከረጢት መሰል ነገር አለ። ሳይንቀሳቀስ ሲከርም ይኮማተራል፣ ጡንቻውም ይሟሽሻል። ስለዚህ እንደኔ ላለ ስብራት ሐኪም እስከፈቀደ ድረስ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ይጀመራል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ እጄን እንደ እንቁላል አቅፌ ተቀመጥኩ። ጎበዝ በሽተኛ የሆንኩ መስሎኝ!

ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ ጋ የላከችኝ ነርስ የሆነች ጎረቤቴ ናት። እውነቱን ለመናገር ቅባት ቀብቶ የሚያሸኝ መስሎኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ ልጅ ግን እጄን ብዙም አልነካውም። በግራዬ ጠረጴዛ ደግፌ እንዳጎነብስ አደረገና «እትዬ፣ ቀኝዎን ዝም ብለው ይልቀቁት። ቄሱ ጽና እንደሚያወዛውዙት ያወዛውዙት» አለኝ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያ በክብ። ቀጥሎ ግድግዳ አስጠግቶ በጣቶቼ ሽቅብ አስወጣኝ፤ እንደ ሸረሪት። የደረስኩበትን በእርሳስ ጫር አደረገው። «ይህን በቀን ሦስቴ ቤትዎ ይሥሩ» ብሎ ሸኘኝ። ያማል? አዎ ያማል። መጀመሪያ ሳምንት አልቅሻለሁ።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ «ብረት ቢያስገቡልሽ ኖሮ ይሄኔ ድነሽ ነበር» እያለ ስልክ ላይ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። ብረት የግድ የሚያስፈልገው ስብራት አለ። ግን በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣ ጥናት እንደኔው ትከሻቸው ሥር ተሰብሮ አጥንቱ ከቦታው ፈቀቅ ያለባቸውን 250 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ ኦፕራሲዮን ተደረጉ፣ ግማሾቹ እጃቸውን አንጠልጥለው ቆዩ። በሁለት ዓመት ውስጥ እጃቸውን በመጠቀም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ወገን ታዲያ ፊዚዮቴራፒ አግኝቷል። ለወንድሜ ይህን ስነግረው ወሬ ለወጠ።

ወጌሻ ጋ እንውሰድሽ ያሉኝም አልጠፉም። በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም መሄጃ አጥቶ እጁ የተቆረጠ ሕፃን በየሆስፒታሉ ይታያል፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም። የእጅ አንጓ አልቀና ብሎ ቁልቁል ከተንጠለጠለም ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ዘንድ ነው። ግን ሰዉ ወጌሻን የሚወድበት ምክንያት ይገባኛል። ወጌሻ ራጅ የለውም፤ «እስቲ አንሳው» ነው የሚለው። እጁ እስኪነሳ ይመላለሳል። ሆስፒታሎቻችን ይህችን አንዷን ቢወስዱለት ምን ይጎድልባቸዋል?

ባለሙያ የለም እንዳይባል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት ያስተምራል። በየወረዳው መቅጠር ገንዘብ ይጠይቃል፣ እሺ። ሥዕል ያለበት አንዲት ገጽ ወረቀት ከማስታገሻው ጋር መስጠት ግን ስንት ይፈጃል? እኔ ራሴ ልጁ ጋ የሄድኩት አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ሌላውን የሠራሁት ማድቤት ውስጥ ነው፣ ወጥ እስኪበስል።

ለፋሲካ ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ነው። ቀለም ቀቢው የማድቤቱን ግድግዳ አይቶ «ይህን የእርሳስ ጭረት ሁሉ ማን ሕፃን ነው የሠራው?» አለ። ልጄ እየሳቀች ወደ እኔ ጠቆመች። ግራዬ ከሚደርስበት ገና አራት ጣት ይቀረኛል። ያቺን ግድግዳ ዝለላት አልኩት።