ለአጀንዳችሁም ማኅደር እዘዙ

ለስጦታ የሚሆን ደብተር ፍለጋ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ስቴሽነሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መደርደሪያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ፣ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ሽፋን አለ፣ ቆዳ የሚመስል ግን ወራት ሳይቆይ የሚላጥ አጀንዳ አለ። ርካሽ ደብተር መኖሩን አልቃወምም፤ ለተማሪ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለመምህሬ ወይም ለምትመረቀው እህቴ አንድ ደህና ዕቃ ልስጥ ያለ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ይሄ የሚሆነው ደግሞ ጎጃም ውስጥ ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን፣ መርጡለ ማርያምን፣ የዘጌ ገዳማትን አስቡ። መጽሐፍ ሲጻፍ፣ ሲጠረዝ፣ በቆዳ ተለብጦ ሲደጎስ የኖረበት አገር ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል፣ ደርቆ ብራና ይሆናል። ከዚያ ቁም ጸሐፊው መስመር ያወጣል። መስመሩን የሚያወጣው ያለ ቀለም፣ በወስፌ ጫፍ ጫን እያደረገ ስለሆነ ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ነው ጭረቱ በደንብ የሚታየው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል፣ ቀለሙ በቀንድ ይቀመጣል። ከጽሕፈት መሣሪያ የቀረ ነገር አለ? ሁሉም እዚሁ፣ በሰፈር ሰው እጅ የሚሠራ ነው።

የብራናውን መጽሐፍ መያዣ፣ ማኅደሩን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ወፍራም ቆዳ ነው፣ በመጽሐፉ ልክ የተሰፋ። ከላይ ክዳን አለው፣ ማንገቻውም ከቆዳ ነው። ዚፕ የለውም፣ ስለዚህ ዚፑ አይበላሽም። መንገደኛ በትከሻው ያነግተዋል፣ ቤት ሲገባ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። በዚሁ አሠራር አነስ ብሎ ለአጀንዳ፣ ሰፋ ብሎ ለታብሌት ቢሰፋ የማይገዛ ማነው? እኔ ከውጭ ከመጣ የላፕቶፕ ቦርሳ እሱን እመርጣለሁ።

የሚገርመው የእኛን ዋጋ ሌላው ማወቁ ነው። የብራና መጻሕፍታችን አሰፋፍ ጥራዙን እንደ ሰንሰለት እያያያዘ የሚሄድ ነው፣ መጽሐፉም ሲገለጥ ዘርጋ ብሎ ይተኛል። በውጭ አገር መጽሐፍ መጠረዝ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህንኑ ስፌት የኢትዮጵያ ስፌት ብለው ያስተምሩታል፤ በእሱ ደብተር እየሰፉ የሚሸጡም አሉ። እኛ ግን በሙጫ ተጣብቆ ገጹ የሚረግፍ ደብተር ተሸክመን እንዞራለን።

ለምን እንዲህ ሆነ ካላችሁ፣ እኔ ጥፋቱን የምሰጠው ለእኛ ለገዢዎቹ ነው። ባለሙያው የሚሠራው ለሚጠይቀው ሰው ነው፣ የሚጠይቀው ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና ቱሪስት ሆኖ ቀረ። ጣና ዳር ደንገል ከሚባለው የውኃ ቄጠማ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ትንንሽ ታንኳ ሠርተው ለእንግዳ ይሸጣሉ። ቆንጆ ነው፣ ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ከመጠጣት ሌላ አይጠቅምም። እነዚያው እጆች የእርሳስ መያዣ፣ የጠረጴዛ ላይ የወረቀት ማስቀመጫ መሥራት አያቅታቸውም። ማን አዘዛቸው?

ንቀቱም አለ፣ አንደባብቀው። ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ እያልን ዕቃውን ወደን ሠሪውን ስንሰድብ ኖረናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ዘመናት አልፈውም ስድቡ ከአፋችን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ልጁ ሲሰደብ የሚያይ አባት ሙያውን ለምን ያወርሳል?

ዋጋው ይወደዳል የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ይወደዳል። ስለዚህ ሽፋኑን ለብቻው አሠሩት፣ ውስጡን ወረቀት ሲያልቅ ቀይሩት። ጥሩ ቆዳ ብዙ ደብተር ይሸኛል። ስትገዙ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ፤ ከሥር ጨርቅ የተለጠፈበት ከሆነ ቆዳ መሆኑን ተጠራጠሩ። ስፌቱን ሳብ አድርጉት፣ አትፈሩ፣ ሻጩም ቢሆን በሥራው የሚተማመን ከሆነ ቅር አይለውም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትግዙ። ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ የብራና ገጽ ጌጥ ነው ተብሎ ሲቀርብላችሁ እለፉት። አንድ ገጽ በተሸጠ ቁጥር አንድ መጽሐፍ ይፈርሳል። ብራና ከወደዳችሁ ዛሬ በሕይወት ላለ ጸሐፊ አዲስ አሠሩ። እሱም እንጀራውን ይበላል፣ ቅርሱም ከቦታው አይነቃነቅም።

የእኔ ምኞት በዋናነት አጀንዳ ነው። ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ የሚጀምረውን አይደለም። ከመስከረም የሚጀምር፣ አሥራ ሦስት ወር ያለው፣ ለጳጉሜን የራሷን ገጾች የሰጠ፣ አጽዋማትና በዓላት የተመለከቱበት፣ በሰንሰለት ስፌት የተሰፋ፣ ልባሱ የጎጃም በግ ቆዳ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ በከለር እርሳስ እየሳሉ በየቤቱ የሚያዞሩት ዓይነት አበባ ቢኖርበት ደግሞ ከታተመ ፖስት ካርድ ሁሉ ይበልጥብኛል። የሚስሉት ልጆችም የድካማቸውን ቢከፈላቸው ደስ ይለኛል።

መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ ለሠራተኛና ለእንግዳ የሚያድሉት አጀንዳ አለ። የግዥ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ከምታሳትሙት ላይ ጥቂቱን ብቻ ለአካባቢያችሁ ቆዳ ሰፊና ጠራዥ ስጡ። ግን ነሐሴ ላይ አትሩጡ። በክረምት ቆዳ ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ ለመስከረም የሚደርሰውን ሚያዝያ ላይ ማዘዝ ነው፣ ቀብድም ከፍላችሁ።